የትንሽ ከተማ ወንጀል በአኃዝ ሲመዘን

በአሜሪካ አገር በካንሳስ ግዛት የምትገኘው ሆልኮምብ 270 ያህል ነፍስ ብቻ የሚኖርባት፣ ባላገሮቿም ደጃቸውን ሳይቆልፉ በሰላም የሚያድሩባት የስንዴ አገር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1959 ሌሊት ከሩቅ የመጡ ሁለት ሰዎች አባትን፣ እናትንና ሁለት ልጆቻቸውን በገዛ ቤታቸው ገደሉ።

የወንጀል መጠን የሚባለው የዓመቱ ወንጀል ለነዋሪው ቁጥር ተካፍሎ በ100,000 ተባዝቶ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ እነዚያ አራት ነፍሳት በስሌቱ ሲገቡ የመንደሪቱ የግድያ መጠን ከ1,400 በላይ ይደርሳል፤ የመላዪቱ አሜሪካ ግን በዚያው ዘመን 5 ያህል ብቻ ነበረ። ይህን አኃዝ ይዞ ሆልኮምብ ከታላላቆቹ ከተሞች ይልቅ የደም ምድር ናት ብሎ መፍረድ ፍጹም ስሕተት ነው፤ ነዋሪዋ ጥቂት ስለ ሆነ የአንድ ሌሊት ወንጀል ብቻውን አኃዙን አንሮታልና።

የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የየአጥቢያውን ፖሊስ መዝገብ እየሰበሰበ ሲያትም፣ ከተሞችን በዚህ አኃዝ ብቻ በማዕርግ መደርደር እንደማይገባ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ለፖሊስ ያልተነገረ በደልም በመዝገቡ አይገባም። በሆልኮምብ ገዳዮቹ እስኪያዙ ድረስ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠረጠረ፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርቶ የሚያድርም በዛ፤ ከግድያው ቀጥሎ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይኸው የመተማመን መጥፋት ሲሆን፣ እርሱን የሚያሰፍር ሠንጠረዥ የለም።

በዚያ አገር የምትኖሩና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ትንሽ ከተማ ለመዛወር የምታስቡ ወገኖቻችን፣ የአንድ ዓመት አኃዝ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ የዐሥር ዓመቱን መዝገብ አስተያዩ፣ ስርቆቱን ከደም ማፍሰሱ ለዩ፣ ነዋሪዎቹንም ጠይቁ።