ከግድግዳችን እንሽላሊት ጋር ስለ መኖር

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባችን ስለ ዕድሩ ገንዘብና ስለ ድንኳኑ ብዙ ተነጋግረናል። እኛ ከሰብሳቢው ጥቂት ደቂቃ ለምነን የቆምነው ግን ስለ እንሽላሊት ለመናገር ነው። ሳቃችሁ ይሰማናል፤ ሳቁ፣ አንቀየምም። ነገር ግን በዚህችው ትንሽ ፍጥረት ሰበብ ይኸው ዕድር ድንኳኑን በእኛ ደጅ ሊተክል ምንም አልቀረውም ነበርና፣ ነገሩን እንደሆነው ልናወጋችሁ ወደድን።

እንደምታውቁት ቆሼያችን ሙቀቷ ወደ ዝዋይና ወደ ስምጥ ሸለቆው ያደላል። ማታ አምፖል በርቶ ትንኙና የእሳት ራቱ ሲሰበሰብ፣ እንሽላሊቷም ከቆርቆሮው ሥር ወጥታ ግድግዳው ላይ ትለጠፋለች። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ እርሷ የሰማነው ክፉ ክፉውን ነው። ከሸናችብህ ቁስል ታወጣብሃለች፣ ወጥ ውስጥ ከወደቀች ቤተሰቡን ትፈጃለች ይባል ነበር።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከእነርሱ አንዷ ከጣራው ወርዳ መሶቡ ክዳን ላይ ብትወድቅ ጊዜ እኛ ባልና ሚስት መረረን። የማረቆ በርበሬ ስማችንን ያስጠራ ቢሆንም፣ ከእርሱ ጋር የማሳው መድኃኒትም ጓዳችን ገብቷል። ከማሳ የተረፈውን በጥብጠን ግድግዳውን፣ ማገሩን፣ የአልጋውን ሥር ሳይቀር ረጨነው። ማታም በርና መስኮቱን ዘግተን ተኛን።

ሌሊት ላይ የአራት ዓመት የልጅ ልጃችን ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር። አስመለሰው፣ ዓይኑ አነባ፣ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹም አጠረ። ጎረቤት ተጠርቶ መጣ፤ አንዱ ወተት ስጡት አለ፣ አንዱ እንሽላሊት ነክሳው ነው አለ። አንድ የዕድራችን ወጣት ብቻ "ምንድን ነው የሸተተኝ?" ብሎ ጠየቀ። የመድኃኒቱን ዕቃ አንሥቶ፣ ልጁን ታቅፎ፣ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ከነፈ። ሐኪሙ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳነበበ ነገሩ ገባው። ልብሱን አስወልቆ ገላውን በሳሙና አሳጠበው፣ መርፌም ወጋው። ጎሕ ሲቀድ ልጁ ውኃ ጠየቀን። እኛም ያን ጊዜ አለቀስን። ሐኪሙ ያለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አባባ፣ መርዙን ወደ ቤት ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ እንሽላሊቷ አይደለችም።"

እኛ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍን ብንሆንም፣ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር ወረቀት ማገላበጥ ለምደናልና ከዚያ ወዲህ ስለ እርሷ ማንበብና መጠየቅ ያዝን። የተረዳነው ይኸው ነው።

በቤታችን ግድግዳ ላይ የምትሄደው እንሽላሊት መርዝ የላትም። በመርዛም ንክሻቸው የታወቁት ትልልቅ እንሽላሊቶች በሜክሲኮና በአጎራባች አገሮች የሚገኙ ናቸው። የእኛዋ ትንኝ፣ የእሳት ራት፣ በረሮና ሸረሪት ትበላለች። ከግድግዳ የማትወድቀው ሙጫ ኖሯት ሳይሆን፣ ከጣቶቿ ሥር በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጸጉሮች ስላሏት ነው። የዓይን ቆብ የላትም፤ ዓይኗን በምላሷ ትጠርጋለች። ጠላት ሲይዛት ጅራቷን ጥላ ታመልጣለች፣ ኋላም ሌላ ይበቅልላታል። በመዝገብ ቤት ሳለን በፋይል መካከል ሁለት ሁለት ነጫጭ እንቁላል እናገኝ ነበር፤ የእባብ ነው እያልን ስንጨፈልቀው ኖረናል። ለካ መዝገቡን ከበረሮ የምትጠብቅልን እርሷ ኖራለች!

ይሁን እንጂ ከልክ በላይ እንዳናወድሳት። ወባ ለአገራችን ቀላል ጠላት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ብቻ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ተጽፏል። እንሽላሊት አለችልኝ ብሎ አጎበር መስቀል የሚተው ሰው ቢኖር፣ እርሱም እንደ እኛው ተሳስቷል። ደግሞም ኩሷ ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል። ጫፉ ነጭ የሆነች ጥቁር ፍሬ ካያችሁ የእርሷ ናት፤ በሳሙናና በውኃ ማጠብ ነው። ምግብና የመጠጥ ውኃ ይከደን። ወጥ ውስጥ ከወደቀች ወጡ ይደፋ፤ የሚደፋው ግን ስለ ቆሻሻው እንጂ ስለ መርዝ አይደለም፣ ወጥ የሠራችውም ሴት አትወቀስበት።

እንዳትበዛ የሚፈልግ ሰው በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ይድፈን፣ ስንጥቁን በጭቃ ይምረግ፣ አምፖሉን ከማዕድ በላይ አይስቀል። የገባችውን በመጥረጊያ ሸኝቶ ማስወጣት ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን የማሳ መድኃኒት ቤት ውስጥ አይረጭ። ለትኋንም፣ ለቁንጫም፣ ለእንሽላሊትም አይሆንም። ባዶውም ዕቃ ቢታጠብ እንኳ ውኃና ዘይት አይያዝበት። አደጋ ከደረሰ በሽተኛውን ወደ አየር ማውጣት፣ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ገላውን በሳሙና ማጠብ፣ በግድ እንዲያስመልስ አለማድረግ፣ ዕቃውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ለዕድራችንም አንድ ሐሳብ አለን። በዕቃ ቤት ያሉት ድስቶች፣ ሳህኖችና ብርጭቆዎች ተደፍተው ይቀመጡ፤ ለለቅሶ ሲወጡም አስቀድመው በፈላ ውኃ ይታጠቡ። በዕቃ ቤቱም መርዝ እንዳይረጭ ዕቃ ጠባቂው ይታዘዝልን። ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም።

ያ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። ማታ ማታ አምፖሉ ሥር የመጡትን እንሽላሊቶች እየቆጠረ ይነግረናል፤ እኛም እንሰማዋለን። ፈጣሪ ዕድራችንን ድንኳኑን ዕድሜ ለጠገበ እንጂ ለሕፃን የማይተክል ያድርገው።