ሄሊኮፕተር አብራሪነት፦ ከመወሰናችን በፊት ልንመዝናቸው የሚገቡ ጉዳዮች

(በባሕር ዳር ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን በተዘጋጀ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን አንድ ወጣት ሄሊኮፕተር አብራሪ ለመሆን መሠልጠን ይገባዋልን? የሚል ነው። ጥያቄው የጥቂቶች ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመው ጥሪት የሚወጣበት፣ የአንድ ልጅም ምርጥ የወጣትነት ዕድሜ የሚያልፍበት ውሳኔ ስለሆነ በስሜት ብቻ ሊመለስ አይገባውም። «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ተብሎ በአንድ ቃል ሊዘጋም አይገባውም። ሐሳቤን ባጭሩ ላስቀምጥ፦ የሙያው መነሻ ፍቅር ነው፤ ውሳኔው ግን መቆም ያለበት «ፈቃዱን ካገኘሁ በኋላ የምበርበትን ሰዓት የሚከፍለው ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ምድራችን የሚጠይቀው

በጣና ዳር ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው ይህ ምድር ለሄሊኮፕተር የተፈጠረ ይመስለዋል። ሐይቁ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ በውስጡም ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች አሉ። ዓባይ ጢስ ዓባይን አልፎ ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል። በስተሰሜን የስሜን ተራሮች አሉ፤ ከገደል ማዶና ማዶ ሆነው የሚተያዩ ሰዎች ለመገናኘት ረጅም መንገድ ወርደው መውጣት ግድ ይላቸዋል። ሄሊኮፕተር ደግሞ መንደርደሪያ ሜዳ አይሻም፤ በጠባብ ቦታ ያርፋል፤ ሲያስፈልግም በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ተልእኮ ቀያሾቹን ወደ ተራራ አናት ለማድረስ ሄሊኮፕተር የተጠቀመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሆነን ግን የ2011 ዓ.ም. የስሜን ቃጠሎ ነው። ፓርኩ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የዋልያ፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። በሚያዝያ ወር እሳቱ ሲበረታ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ ተረባረበ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ውኃ የሚረጨው ሄሊኮፕተር ግን የመጣው ከኬንያ ነበር። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የአንበጣ መንጋ በምሥራቅ አፍሪካ ሲዛመትም በአገራችን ለቅኝትና ለርጭት ሄሊኮፕተሮች ተሰማርተዋል። ፍላጎቱ ስለ መኖሩ እንግዲህ የሚከራከር የለም።

አየሩ የሚወስነው

ስለ ምድራችን የተናገርነውን ያህል ስለ አየራችንም ልንናገር ይገባል። ሄሊኮፕተር የሚነሣው የሚሽከረከሩት ክንፎቹ አየርን ወደ ታች ስለሚገፉ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚገፋው ነገር ያንሳል፤ ተርባይን በሌላቸው ትናንሽ የማሠልጠኛ ሄሊኮፕተሮች ላይ ደግሞ ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል።

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስበት ቀን የአየሩ እፍጋት በመደበኛ ሁኔታ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 77 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለመኪና ይህ ለውጥ እምብዛም አይሰማም። ለሄሊኮፕተሩ ግን ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ይሆንበታል። በስሜን 3,600 ሜትር ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ ሄሊኮፕተር ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቀው ወደ ፊት ሳይሄድ በአንድ ቦታ ሲንሳፈፍ ነው። ለመሬት ቅርብ ሲሆን ወደ ታች የተገፋው አየር በመሬቱ ስለሚገታ መጠነኛ እገዛ ያገኛል፤ ከገደል አፋፍ አልፎ ሲወጣ ግን ይህ እገዛ በቅጽበት ይቀራል። ሕመምተኛ የሚነሣበት፣ ውኃ የሚረጭበት ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው አፋፍ ነው።

ስለዚህ በደጋ የሚሠራ አብራሪ ከመነሣቱ በፊት ከሰንጠረዦቹ ጋር ይቀመጣል። ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ ከፍታውን አስልቶ ነዳጅ ይቀንሳል፤ ወይም አንድ ሰው ያስወርዳል፤ ወይም «ዛሬ አይቻልም» ይላል። ሰዎች በጭንቀት እየለመኑት «አይቻልም» ማለት የሚችል ሰው ነው ለዚህ ሙያ የሚያስፈልገው። ስሌት የሚሰለቸው፣ ወይም ልመናና ሙገሳ የሚረታው ወጣት ሙያውን ደግሞ ደጋግሞ ሊያስብበት ይገባል። በባሕር ጠረፍ ሜዳ ላይ ብቻ የሠለጠነ ሰውም የተራራ በረራን እንደገና መማር ይኖርበታል። ትምህርት ቤት የሚመርጥ ሁሉ «ከሠለጠናችሁበት ሰዓት ስንቱ በከፍታ ቦታ ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ፍላጎትና ሥራ አንድ አይደሉም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ተራራ ብቻውን ሥራ አይፈጥርም፤ ሥራን የሚፈጥረው ከፋይ ነው። በኔፓል ሄሊኮፕተሮች ከሂማላያ ተራሮች ሕመምተኛ የሚያወርዱት በአብዛኛው የተራራ ተጓዦች የጉዞ መድን ስለሚከፍል ነው። በስዊዘርላንድ በ1952 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሬጋ የተባለው የአየር ነፍስ አድን ድርጅት የቆመው በየዓመቱ በሚያዋጡ ደጋፊዎቹ ነው። በሁለቱም አገር ተራራው ከጥንትም ነበረ፤ አብራሪዎቹ የመጡት ክፍያው ሥርዓት ከያዘ በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ያለውን ሁኔታ በዚህ ዓይን እንመልከተው። ከደቅ ደሴት ሕመምተኛ የሚመጣው በጀልባ ነው። ለዚህ ችግር ሄሊኮፕተር ግሩም መልስ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ሄሊኮፕተር ዋጋና የጥገና ወጪ ስንት ፈጣን የሞተር ጀልባ፣ ስንት አዋላጅ ነርስ በደሴቶቹ ላይ ማቆም ይቻል እንደነበር ማስላት ይገባል። እንደዚሁም ቀድሞ የሄሊኮፕተር የነበረው የቅኝትና የቀላል ዕቃ ሥራ ከፊሉ ወደ ሳተላይትና ወደ ሰው አልባ አውሮፕላን እየተዛወረ ነው። ሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሆስፒታሎቿ ደም የምታደርሰው በሰው አልባ አውሮፕላን ነው። ለአብራሪው የሚቀረው ሰው ማንሣትን፣ ከባድ ጭነትንና በቦታው ተገኝቶ መወሰንን የሚጠይቀው ሥራ ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው።

ሰዓቱና ገንዘቡ

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መሥፈርት መሠረት የንግድ ሄሊኮፕተር አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 18 ዓመት፣ 150 የበረራ ሰዓት፣ በታወቀ ተቋም በተሟላ ሥልጠና ለሚያልፍ ደግሞ 100 ሰዓት ያስፈልጋል። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የከፍተኛው ደረጃ ፈቃድ ግን 1,000 ሰዓት ይጠይቃል፤ በአሜሪካም ብዙዎቹ ቀጣሪዎች የሚፈልጉት ወደዚሁ የሚጠጋ ልምድ ነው።

ልብ በሉ፤ በ150 እና በ1,000 መካከል 850 ሰዓት አለ። አዲስ ተመራቂ እነዚህን ሰዓቶች በገንዘቡ ልግዛ ቢል ከሥልጠናው በብዙ እጥፍ የበለጠ ይከፍላል። በአሜሪካ ይህን ክፍተት የሚሻገሩት በአብዛኛው ራሳቸው የበረራ አስተማሪ ሆነው ነው፤ ለዚህም በቂ ተማሪ፣ በቂ ማሽን፣ ለውጭ ዜጋ ደግሞ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአገራችን ይህ ድልድይ ጠባብ ነው። ፈቃዱ ደግሞ እንደ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቆይ አይደለም፤ ሳይበሩበት ሲቀር እጅም ይረሳል፣ ሕጉም ይከለክላል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳሉት ይሆናል።

በውጭ አገር የሚደረግ ሥልጠና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለልጁ ሥልጠና ገንዘብ ሲያስቀምጥ የነበረ ወላጅ፣ ከብሩ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል፣ በዶላር ሲመነዘር ግማሽ ያህሉ ከእጁ ወጥቷል። በመሆኑም ይህ ውሳኔ የቤተሰብ ሁሉ ውሳኔ ነው።

ያሉት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ አየር ኃይል ነው። በቢሾፍቱ የሚሠለጥን አብራሪ የሥልጠናውንም የበረራውንም ሰዓት የሚከፍልለት መንግሥት ነው። ነገር ግን ወታደርነት ከበረራ ጋር ተመርቆ የሚሰጥ ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ ዋናው እርሱ ነው። የሚገባበት ሰው የሚታዘዘውን፣ የሚሄድበትን፣ የሚሸከመውን አስቀድሞ ከኅሊናው ጋር ሊመካከርበት ይገባል። ይህን ማንም ለማንም ሊወስንለት አይችልም።

ሁለተኛው በግል ገንዘብ በውጭ አገር መሠልጠን ነው፤ ሸክሙን አይተነዋል።

ሦስተኛው ዙሮ መግባት ነው። በአቪዬሽን ጥገና ወይም በምሕንድስና ገብቶ ደመወዝ እያገኙ ሙያውን ከውስጥ ማወቅ፣ ወይም በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኩል ወደ አውሮፕላን አብራሪነት መሄድ ይቻላል። የአውሮፕላን ፈቃድ ሄሊኮፕተር አያስነሣም፤ የአየር ሕግ፣ የአየር ጠባይና የሬዲዮ ግንኙነት ዕውቀቱ ግን አብሮ ይሄዳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆኑት አምሳለ ጓሉ የዚህችው የባሕር ዳር ልጅ ናቸው፤ ወደ በረራ የገቡትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ከተማሩ በኋላ ነው። ከእርሳቸው ታሪክ የምንማረው፣ ሌላ ትምህርት ማስቀደም የሰማዩን በር እንደማይዘጋ ነው።

ምን እናድርግ?

ለተማሪዎች የምመክረው ርካሹን ፈተና እንዲያስቀድሙ ነው። በመጀመሪያ የአንደኛ ደረጃውን የአብራሪ ሕክምና ምርመራ አድርጉ። የቀለም መለየት፣ የጆሮ ወይም የልብ ጉዳይ መንገዱን የሚዘጋ ከሆነ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ይታወቅ። መነጽር ማድረግ ብቻውን እንደማይከለክልም እወቁ። ቀጥሎ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ አጠንክሩ። ከዚያ በሥራ ላይ ያሉ ቢያንስ ሁለት አብራሪዎችን ፈልጋችሁ «የመጀመሪያዎቹን 850 ሰዓቶች እንዴት አገኛችኋቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። በጀታችሁንም እስከ ፈቃዱ ሳይሆን እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ድረስ ጻፉ። መልሱ በወረቀት ላይ ካልሞላ ሕልሙን አትጣሉት፤ ቀጠሮውን አራዝሙት።

ለወላጆች፦ ልጃችሁን አትሳቁበት፤ ቤታችሁንም አትሽጡለት። የምርመራውን ወጪ ሸፍኑ፤ ስሌቱን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሥሩ።

ለእኛ ለተቋማት ደግሞ ሌላ የቤት ሥራ አለ። ፓርኩ ለእሳት፣ ጤና ቢሮው ለድንገተኛ ሕመምተኛ፣ ግብርናው ለአንበጣ፣ አስጎብኚው ለተጓዥ በየፊናቸው ሄሊኮፕተር ሊያቆሙ አይችሉም። ወጪውን ተጋርተው አንድ አገልግሎት ቢያቆሙስ? ይህን አጥንቶ በቁጥር ማሳየት የኢኮኖሚክስ፣ የሕግና የምሕንድስና ተማሪዎቻችን ሥራ ነው። ከፋዩ በተገኘ ጊዜ ዛሬ «ቆይ» የምንለውን ልጅ «ሂድ» እንለዋለን። በስሜን እሳት ሲነሣም የጎረቤት ሄሊኮፕተር እስኪደርስ አንጠብቅም።