«ሲ ኤች» ከማጀት እስከ ሐኪም ቤት

(በማኅበራችን የአርብ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር። ተናጋሪዋ ለዜና መጽሔታችን ራሷ ጽፋ የሰጠችን ነው።)

 

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ኮምቦልቻ አስረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ነው የወጣሁት። እንግሊዝኛም የተማርኩት እንደ ብዙዎቻችሁ በፕላዝማ ነው። የደቡብ አፍሪካው አስተማሪ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሆኖ ይሮጣል፣ እኛ ግማሽ መስመር ሳንጽፍ ስዕሉ ይቀየራል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ከዚያ ያመጣሁትን አይደለም። እዚሁ ኾባር፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ያገኘሁትን ነው።

ካርቶኑን እዩልኝ። ግማሽ ጨረቃ የምትመስለው ሲ ናት። አጠገቧ መደገፊያ ያላት ወንበር የምትመስለው ኤች ናት። ዛሬ ከነዚህ ከሁለቱ አናልፍም። የኛ ች ሁልጊዜ ች ናት፣ ማንም አይሳሳታትም። የነሱ ሲ ኤች ግን አንዴ ች፣ አንዴ ክ፣ አንዳንዴም ሽ ትሆናለች። እኔ ይህን ባለማወቄ የደረሰብኝን ስሙ።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ቤቱ ሁሉ ይታጠባል፣ ታውቁታላችሁ። ሽንት ቤቱ ወለል ላይ በረኪና አፈሰስኩ። ቢጫው እድፍ አልለቅ አለኝ። እንግዲህ ሁለቱ ሲደመሩ የበለጠ ይሠራሉ ብዬ አሲድ ያለበትን የሽንት ቤት ማጽጃ በላዩ ጨመርኩበት። መስኮቱ ዝግ ነው። በሩንም የኤሲው ቅዝቃዜ እንዳይወጣ ብዬ ዘግቼዋለሁ። መጀመሪያ ዓይኔ ነደደ። ከዚያ ጉሮሮዬን የሆነ ሰው በእጁ አንቆ የያዘኝ መሰለኝ። እየተሳብኩ ነው የወጣሁት። መዳም ደንግጣ ከባሏ ጋር ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ነርሷ ሕንዳዊት ናት። «ቼስት ኦር ስቶመክ?» አለችኝ። ደረትሽን ነው ሆድሽን ማለቷ ነው። እኔ ሆድ የሚለውን ቃል ደብተሬ ላይ መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ግን በአእምሮዬ የያዝኩት «ስቶማች» ብዬ ነው። ስቶመክ ስትለኝ ሌላ ቃል መሰለኝ። ቼስቱንም በሳል መሀል አልሰማሁትም። «ዬስ» አልኩ። ሆድ ብላ ጻፈች። ምን በላሽ አለችኝ። «ራይስ፣ ቺክን» እላለሁ። መቼ በላሽ ትለኛለች። ደረቴ ይጠባል፣ እኔ ስለ ዶሮ አወራለሁ! በመጨረሻ ጠጋ ብላ ልብሴን አሸተተችና «ክሎሪን?» አለች። እሱን ቃል ከአገር ቤት የቧንቧ ውሃ አውቀዋለሁ። «ዬስ፣ ክሎሪን፣ ክሎሪን!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ኦክስጅን አፌ ላይ አደረጉልኝ።

ተመልሼ ሲሻለኝ የበረኪናውን ጠርሙስ አነሳሁት። ጽሑፉ እዚያው ነበር። «ዱ ኖት ሚክስ ዊዝ አዘር ኬሚካልስ» ይላል፣ ከሌላ ኬሚካል ጋር አትቀላቅል ነው። በየቀኑ አየዋለሁ እኮ! ግን የመጨረሻውን ቃል «ቸሚካልስ» እያልኩ ነበር የማነበው። ቸሚካል ደግሞ ምንም ማለት አይደለም። ኬሚካል ብዬ አንብቤው ቢሆን አማርኛ ነው፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ እንኳ ታውቀዋለች። በጣም ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ቃሉን አጥቼው አይደለም፣ በአንድ ድምፅ ስቼው ነው።

አሁን ስለ ጠርሙሱ፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። በረኪና፣ እነሱ «ብሊች» የሚሉት፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የአንዳንድ መስታወት ማጽጃ ውስጥ አሞኒያ አለ፣ ከእሱ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ ይወጣል። ክሎሪን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1915 ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር የሚባል ቦታ በጠላት ወታደር ላይ የለቀቁት ጋዝ ይኸው ክሎሪን ነው። ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ወለል ለምትፈትግ ሴት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከሸተታችሁ ጥላችሁ ውጡ፣ ባልዲውን ለመድፋት ብላችሁ አትመለሱ። ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው፣ የጤና ሚኒስቴር ምክር 937። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ እጠብቃለሁ።

እሺ፣ ታዲያ ሲ ኤች መቼ ክ፣ መቼ ች ትሆናለች? ማታ ማታ በስልኬ እየፈለግኩ ያነበብኩትን ልንገራችሁ። የማጀትና የቤት ቃላት፣ ከጥንት ጀምሮ በቤታቸው የኖሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ች ናቸው። ኪችን፣ ቺክን፣ ቺዝ፣ ቺልድረን። ከግሪክ የመጡት ክ ይሆናሉ፣ እነሱም የሐኪምና የትምህርት ቃላት ናቸው። ኬሚካል፣ ስኩል፣ ቴክኒሺያን፣ ስቶመክ። ክሎሪንም ስሙ የግሪክ ነው። ሐምፍሪ ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1810 በቀለሙ ነው የሰየመው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ለማለት። ዘግይተው ከፈረንሳይኛ የገቡት ደግሞ ሽ ናቸው፣ ማሺንና ሼፍን ውሰዱ።

እኛ ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ በምን እናውቃለን? እኔ የምጠቀመው ዘዴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሲ ኤች ቀጥሎ ኤል ወይም አር ካለ ክ ብላችሁ አንብቡት፣ ክሎሪን፣ ክሪስማስ፣ ክሮኒክ። ሁለተኛው ዘዴ ይበልጣል። ቃሉን በች ሞክሩት። ትርጉም ካጣ በክ ሞክሩት፣ እምቢ ካለ በሽ። ከዚያ አማርኛችሁን ጠይቁት። ኬሚካል፣ ቴክኒክ፣ ማሽን፣ ሼፍ፣ ቸኮሌት፣ ቻርጀር ከኛ ጋር ሲኖሩ ስንት ዘመናቸው ነው! አንድ ጊዜ ድምፁ ሲገጥም ጆሯችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ግን ይህም ሁልጊዜ አያዋጣም። ቼስት የሐኪም ቃል ሆኖ ች ነው። እሱን በቃል መያዝ ብቻ ነው ያለው። አንድ ላይ በሉልኝ፦ ደረት ቼስት፣ ሆድ ስቶመክ።

ሕመም «ኤክ» ነው፣ በሲ ኤች ይጻፋል። ሄድኤክ የራስ ምታት፣ ቱዝኤክ የጥርስ፣ ባክኤክ የጀርባ፣ ስቶመክኤክ የሆድ። ይሄ ቃል ታሪኩ ያስቃል። ድሮ በኬ ፊደል ይጽፉት ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት ቃሉ ከግሪክ የመጣ መስሎት በሲ ኤች መጻፍ ይሻላል አለ። ተሳስቶ ነው፣ ቃሉ የራሳቸው የጥንት እንግሊዝኛ ነበር። እሱ ተሳሳተ፣ እኛ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል እንቸገርበታለን።

ብር ስትልኩ የሚሰጣችሁንም ደረሰኝ እዩት። «ኤክስቼንጅ ሬት» ሪያሉ በስንት ብር እንደተመነዘረ ነው፣ «ቻርጅ» የላኪው ድርጅት አገልግሎት ዋጋ ነው። ቻርጁ ላይ 15 በመቶ ቫት ይታከላል። ሁለቱም ች ናቸው። ቻርጁ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ሬቱን ከሌላው ጋር አስተያዩ። እኔ ብዙ ጊዜ የተበላሁት በሬቱ ነው።

ስማችሁም አለበት። የኛ ች እና ጭ ሁለቱም ፓስፖርት ላይ በሲ ኤች ነው የሚጻፉት። የአረብኛ ፊደል ደግሞ ች የላትም፣ ጸሐፊው በሽ ይጽፋታል ወይም በትና በሽ ያጣምራታል። ስለዚህ ቻልቱ ሻልቱ ተብላ ስትጠራ «እኔን አይደለም» ብላችሁ ተራችሁን እንዳታሳልፉ። ኢቃማችሁ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ግን ዛሬ ማታ እዩት።

ክ እና ች መቀያየር የእንግሊዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የምንከባከባቸው ሐጃ ጠዋት ልጃቸውን «ሽሎነክ» ይሉታል፣ እኔን «ሽሎንች»። እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ ነው። በዚህ በባሕረ ሰላጤው አረብኛ የወንዱ ክ ለሴት ች ይሆናል። መጀመሪያ ስሰማ ከኛ አገር የተማሩት መስሎኝ ነበር!

ለሚቀጥለው አርብ ቤታችሁ ያሉትን የማጽጃ ጠርሙሶች ፎቶ አንስታችሁ አምጡ፣ ከፊትም ከጀርባም። ጀርባው ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው። አንድ በአንድ አብረን እናነባቸዋለን። ማጽጃ ወደ ውሃ ላስቲክ ገልብጣችሁ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ስሙን በአማርኛ ጻፉበት፣ ልጆችም ከማይደርሱበት አስቀምጡት። ማንበብ የሚከብዳት እህት ከኔ አጠገብ ትቀመጥ፣ ካርቶኑንም እሷ ትያዝልኝ። በሉ አሁን ጠይቁኝ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሹፌሩ ይመጣብኛል።