ሥራ ሲቋረጥ ግብሩ አይቆምም

በቴክሳስ ጋርላንድ ከተማ ቤት ገዝቶ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ደመወዙ ቢቋረጥም የቤቱ ግብር መቁጠሩን ይቀጥላል። በቴክሳስ የመክፈያው ቀነ ገደብ ጃንዋሪ 31 ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ቅጣትና ወለድ ይጨመርበታል፤ ጁላይ ሲገባ ጭማሪው 18 በመቶ ይደርሳል። በዚያ ላይ የጠበቃ ክፍያ እስከ 20 በመቶ ሊታከል ይችላል። 5,000 ዶላር የነበረው ዕዳ 7,080 ዶላር ሆነ ማለት ነው!

የቴክሳስ ሕግ መኖሪያ ቤትን ከአብዛኛው አበዳሪ ይጠብቃል፤ ከግብር ግን አይጠብቅም። ፍርድ ቤት ከወሰነ ሸሪፉ ወይም ኮንስታብሉ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል፤ ሽያጩም የሚውለው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው።

ስለዚህ የግብር ደብዳቤን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ቤቱን በሆምስቴድ (በዋና መኖሪያነት) ያስመዘገበ ሰው፣ ባለፉት 24 ወራት ተመሳሳይ ስምምነት ካልነበረው፣ ዕዳውን በየወሩ ለመክፈል ሲጠይቅ ግብር ሰብሳቢው የመስማማት ግዴታ አለበት። የመክፈያው ጊዜ ከ12 እስከ 36 ወር ነው። ይህን መብት ብዙዎች ሊያውቁት ይገባል። ዕድሜው 65 የሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆነ ባለቤት ደግሞ በዚያው ቤት እስከኖረ ድረስ ክፍያውን ማዘግየት ይችላል።

ሐራጁ ካለፈም መኖሪያ ቤቱን ለማስመለስ 2 ዓመት አለ፤ ለገዢው የሚከፈለው ጭማሪ በመጀመሪያው ዓመት 25፣ በሁለተኛው 50 በመቶ ነው።