ደገዛን በሐምሌ እንጠብቀው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ርዕስ የይፋት ቆላ የሰብል ተባይ ነው። ከተባዮቹም መካከል ስለ አንዱ ብቻ፣ ይኸውም የአካባቢው ገበሬ ደገዛ እያለ ስለሚጠራው የማሽላ ጥንዚዛ መናገርን መርጫለሁ። ምክንያቴም የሚያደርሰው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ እኛ ባለሙያዎች የምንሠራበትን ወር መልሰን እንድንመረምር የሚያስገድደን በመሆኑም ነው።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚዘልቅ መንገደኛ በመስከረም ማለቂያ በግራና በቀኝ የሚያየው በብዛት ማሽላ ነው። ዛላው ወተት ሲቋጥር ገበሬው ማማ ሠርቶና ወንጭፍ ይዞ ግሪሳ ወፍን ይከላከላል። ለደገዛ ግን ማማም ወንጭፍም አይበጅም። ጥንዚዛው በአንድ ዛላ ላይ በመንጋ ሰፍሮ ገና ያልጠነከረውን ፍሬ ይበላል፤ እህል ሊሆን የነበረውም ገለባ ሆኖ ይቀራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1993 ወዲህ ይህ ተባይ በአማራና በአፋር አዋሳኝ ቆላዎች ብርቱ የማሽላ ጠላት ሆኗል፤ ወረርሽኙ በጸናበት ስፍራም እስከ 70 በመቶ የሚደርስ የምርት ጉዳት ተመዝግቧል።

ከዓመታት በፊት በአንድ የጥቅምት ጧት የመርጫ መሣሪያ ይዤ ወደ አንድ ገበሬ ማሳ ገባሁ። መድኃኒቱ ሠራ፤ ጥንዚዛውም ረገፈ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ስሄድ ግን ዛላው እንደገና በጥንዚዛ ተሸፍኖ አገኘሁት። ከጎረቤት ማሳና ከየቁጥቋጦው በርሮ መጥቶ ነበር። ከዚህ ይልቅ ያሳዘነኝ የገበሬው ልጆች ከዚያው ማሳ እሸት ቆርጠው ለመብላት ሲሰናዱ ማየቴ ነው። እሸቱን ከእጃቸው አስጣልኋቸው፤ ነገር ግን ለተራበ ልጅ የሚሰጥ ሌላ ነገር በእጄ አልነበረም። ያን ቀን ሥራዬን በማይገባው ወር እንደ ሠራሁ ተገነዘብሁ።

የሚገባው ወር የትኛው ነው? መልሱ በተባዩ አኗኗር ውስጥ ይገኛል። ደገዛ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ያፈራል። በጥቅምት በማሽላው ላይ የጠገበው ጥንዚዛ መኸር ሲሰበሰብ ወደ አፈር ይገባል፤ በጋውንም በዚያው አድፍጦ ያሳልፋል። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር፣ በሰኔና በሐምሌ፣ ከአፈር ይወጣል፤ በአበቦች ላይ እየተመገበ ይራባል። ሴቷም እንቁላሏን በግራር ጥላ ሥር፣ ብስባሽና እርጥበት ባለበት አፈር ውስጥ ትጥላለች። ትሉ በዚያ አድጎ፣ ቅርጹን ለውጦ፣ አዲሱ ጥንዚዛ በመስከረም ይወጣል፤ የሚያገኘውም የደረሰ እሸት ነው።

እንግዲህ በሐምሌ የሚያዝ አንዲት ሴት ጥንዚዛ ከነዘሯ ተያዘች ማለት ነው። በጥቅምት የሚገደል ጥንዚዛ ግን አንድ ጥንዚዛ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሞቱ በፊት የሚበላውን በልቷል።

ይህ አስተሳሰብ ለሙያችን እንግዳ አይደለም። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ወይራን ለፍሬው የሚያለሙ ገበሬዎች የወይራ ዝንብ የሚሉት ጠላት አለባቸው። ዝንቧ እንቁላሏን ከፍሬው ቆዳ ሥር ስለምትጥል ትሉ በሥጋው ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ስለዚህ ትሉን ከማሳደድ ይልቅ የጎለመሰችውን ዝንብ እንቁላል ሳትጥል በምግብ ሽታ አታልሎ መያዝን ተምረዋል። የእኛም ደገዛ ትሉ በአፈር ተሸሽጓልና ብልሃቱ ያው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጥንዚዛ የሚስቡ ሽታዎችን በጋራ አጥንተዋል። የበሰለ ሙዝ ሽታም ጥንዚዛውን ወደ ወጥመድ ለመሳብ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ገበሬው በራሱ እጅ ሊያዘጋጀው የሚችል ማታለያ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ተግባሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዝናቡ እንደ ጀመረ በየመንደሩ የሙዝ ወጥመድ ይሰቀል፤ ጧት ብርዱ ሳይለቀው የደነዘዘውም ጥንዚዛ በእጅ ይለቀም። ሁለተኛ፣ በነሐሴ በግራር ጥላ ሥርና በፍግ ክምር ውስጥ ያለው ትል እየተቆፈረ ይውጣ። ግራሩን ራሱን መቁረጥ ግን ከቶ አይገባም፤ የፍየሉ መኖና የአፈሩ ጥላ እርሱ ነውና። ሦስተኛ፣ በጥቅምት የሚቀረው ጥንዚዛ በለቀማ ይያዝ፤ መርጨት የግድ የሆነ እንደ ሆነ እሸት የማይበላበት ጊዜ አስቀድሞ ለቤተሰቡ ይነገር፤ ጎረቤታሞችም በአንድ ቀን ይርጩ።

ይህን ሥራ የሚያሰናክሉ ነገሮች እንዳሉ አልክድም። በሐምሌ ማሳው ለምለም ነው፤ የጠፋ ነገር ስለማይታይ የሚጮህም የለም። ገበሬው አረምና የጤፍ እርሻ ወጥሮ ይዞታል። በመሥሪያ ቤቶቻችን ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ ይከፈታል። ጥንዚዛው ከአፈር በሚወጣባቸው ሳምንታት እኛ ሒሳብ በመዝጋት ላይ ነን። ስለዚህ ለወጥመድ የሚያስፈልገው ዕቃ እስከ ግንቦት መገዛት አለበት፤ ያለዚያ ዕቅዳችን ተመልሶ ጥቅምት ላይ ይወድቃል። ገበሬውንም ቢሆን ብቻውን አንጥራው። ደቦ የሚያውቅ ሕዝብ ነውና በዕድሩ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ከአረሙ ሥራ ጋር የሚስማማ ቀን ራሱ ይምረጥ።

ጥንዚዛው ወሰን አያውቅም። በይፋት በኩል ያለው ገበሬ ቢደክም፣ በአፋር በኩል ያለው ግራር ሥር የሚራባው ካልተነካ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የሁለቱ ክልሎች የግብርና ባለሙያዎች ከዝናቡ በፊት አንድ ላይ ተቀምጠው ቀን እንዲቆርጡ ማኅበራችን ሊያገናኛቸው ይችላል። እኔም ከዚህ ጉባኤ የምለምነው ይህንኑ ነው።

ማሽላ ለቆላው ቤተሰብ እንጀራው ነው፤ አገዳው የከብቱ መኖና የምድጃው ማገዶ ነው። የዚህን ቤት እህል የምንጠብቀው ዛላው ሲወረር ሳይሆን፣ ማሳው ገና ደኅና በሚመስልበት ወር ነው።