እንጉዳዩ ወዴት ሄደ?
(በሊበን ለጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት «እንጉዳይ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዲት እናት ሳቁና፣ «ልጄ፣ ስሙን አስተማርኸን፤ እሱ ራሱ የት አለና!» አሉኝ። ልጅ ሳሉ ሐምሌ ሲገባ ከደኑ ውስጥ፣ ከኩይሳው ላይ በእንቅብ ይለቅሙ ነበር። ዛሬ ክረምቱን ሙሉ ቢፈልጉ እፍኝ አይሞላም አሉ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

የምንለቅመው ፍሬውን ነው። ሾላ ስንለቅም ዛፉ እንደሚቀር ሁሉ፣ የእንጉዳይም ዋና አካሉ እንደ ጥጥ ክር ቀጥኖ ከመሬት ውስጥ ይቀራል። ከኩይሳ ላይ የሚወጣው ደግሞ ገበሬ አለው። ገበሬው ምስጥ ነው። ትስቃላችሁ፤ ነገር ግን እውነት ነው። ምስጥ ደረቅ እንጨትና ቅጠል አኝኮ ወደ ጎሬው ያስገባል፤ በጨለማ ውስጥ ይከምረዋል። በክምሩ ላይ እንጉዳዩ ይበቅላል። እንጉዳዩ ጠንካራውን እንጨት ያለሰልሰዋል፣ ምስጡም የለሰለሰውን ይበላል። ዝናብ ሲዘልቅ እንጉዳዩ አፈሩን ሰንጥቆ ወጥቶ ጥላውን ይዘረጋል። ኩይሳው ከፈረሰና ምስጡ ካለቀ ዝናቡ ቢዘንብም እንጉዳይ የለም።

«ምስጥማ ጎጆአችንን የሚበላ ጠላት ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከቤታችሁ ምሰሶ ሥር ያለውን ተዉት አልልም። ከደኑ ውስጥ ያለው ግን የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ካገኘ የማንን ቤት ይበላል?

ታዲያ ደኑስ የት አለ? በጎጃምና በጎንደር የዱሮው ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ በብዛት ተሰብስቦ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። እሱም ዳር ዳሩ ይታረሳል። ከብት ገብቶ ችግኙን ይረግጣል፤ ጭራሮው ለማገዶ ይለቀማል። ባሕር ዛፍ አትትከሉ ለማለት አፍ የለኝም፤ የልጆቻችሁን ደብተር የገዛው እሱ ነው። አገር በቀሉን ቆርጦ በቦታው መትከል ግን ሌላ ነገር ነው። በደቡብ ጎንደር፣ እንደ ዣራ ባሉ ደብሮች፣ ሰዉ ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ። ከብት አይገባም፣ ችግኙም ቀና ይላል። ድንጋዩ ከማሳው መነሣቱ ደግሞ ላራሹ ተረፈው።

በኢጣሊያ አገር፣ ሲሲሊ በምትባል ደሴት ተራራ ላይ አንድ ነጭ እንጉዳይ አለ። ስለሚጣፍጥ በውድ ይሸጣል። የእንጉዳይ ዘር ከጥላው ሥር ካሉት ሽንሽኖች እንደ ዱቄት የሚበነው ነው፤ ሰዉ ግን ጥላው ሳይከፈት እየለቀመ ዘር አሳጣው። በፈረንጆች 2006 በዓለም ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ ሲገባ፣ በዓመት ለዘር የሚደርሰው 250 አይሞላም ነበር። እኛም ስንለቅም ከየኩይሳው የተከፈተ ሁለት ሦስት እንተው።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። የማታውቁትን እንጉዳይ አትብሉ። ከብት ወይም ትል በላው ብላችሁ አትመኑ፤ መቀቀልም መርዙን ላያጠፋው ይችላል።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያውቁት እናቶች ደኑን ያሳዩናል። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። እንጉዳይ የወጣበትን ኩይሳ፣ ቀኑንና አጠገቡ ያለውን የዛፍ ስም በየራሳችን እጅ እንጽፋለን። ለከርሞ ክረምት ያንኑ ገጽ ገልጠን እናያለን።