ሰላምታና የሌሊት መልእክት

ለተለዩት ፍቅረኛ ለመደወል መጓጓት ድክመት አይደለም። ተመራማሪዋ ሄለን ፊሸርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ የተተዉ 15 ሰዎች የፍቅረኛቸውን ፎቶ ሲያዩ ከሱስ ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ነቅተው ታይተዋል፤ ከመለያየቱ ብዙ ቀን ባለፋቸው ላይ ግን ከቁርኝት ጋር የሚያያዘው አንዱ ክፍል ረገብ ብሎ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ጉጉቱን የሚያበርደው ጊዜ እንደሆነ ይጠቁማል። ስለዚህ ለጊዜው ሳይደውሉ ዝም ማለት ይረዳል።

«የባሌዎቹ ከተሞች ሮቤና ጎባ የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በገበያም በለቅሶም መገናኘታችን ላይቀር ዝምታው ኩርፊያ አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ሲገናኙ ሰላም መባባል መከባበር ነው፣ አይቅር። በእኩለ ሌሊት «ተኛሽ?» ብሎ መላክ ግን የራስን ጉጉት በሌላው ቁስል ማስታገስ ነው። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስለ ልጁ በቀን ተነጋገሩ፤ ይህ ንግግር ሊቋረጥ አይገባም።